በገጽ አርባ ሰባት ላይ ያለው ቀስት

የሒሳብ ትምህርት ክፍል ቢሮ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አራት መሳቢያ ያለው የብረት ካቢኔትና አንድ የግድግዳ ሰዓት አለው። ሰዓቱ አምስት ደቂቃ ይቀድማል። ሆን ብላ ያስቀደመችው ጸሐፊዋ ናት፤ መምህራኑ ፈተና የሚያስረክቡት ሁልጊዜ አምስት ደቂቃ አርፍደው ነው።

ተማሪዎች «እትዬ ስቴንስል» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ነው። ያኔ የመምህራን ማስታወሻ የሚጻፈው ሰም በተቀባ ስስ ወረቀት ላይ ነበር። ፊደሉ በታይፕ ይበሳል፣ ሥዕሉ ደግሞ በብረት ብዕር እየተፋቀ በእጅ ይሠራል፤ ከዚያ ማባዣው ላይ ይጠቀለላል። የዛሬዎቹ ልጆች ስቴንስል አይተው አያውቁም። አንዱ እውነተኛ ስሟ መስሎት «ለወይዘሮ ስቴንስል» ብሎ ማመልከቻ ጻፈላት። አላረመችውም። ማመልከቻው እስካሁን መሳቢያዋ ውስጥ አለ።

ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጣለች።

ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት፣ ያኔ ወጣት የነበረው የኮምፕሌክስ አናሊሲስ መምህር አሥራ ሁለት ገጽ የእጅ ጽሑፍ አመጣላት። ግማሹ ፊደል፣ ግማሹ ምልክት ነበር። አንዱን ምልክት በጣቷ ነካችው። ረጅም ቆልማማ መስመር ነው፤ ወገቡ ላይ ትንሽ ክብ አለችበት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እሱን ለማወቅ አራት ዓመት ይፈጃል» አላት። «አንቺ ብቻ ሳትስቺ ጻፊው።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ቸኩሎ ነበር። እሷም ሳትስት ጻፈችው።

ሃምሳ አንድ ዓመት ሲሞላት ሒሳብ ለመማር ተመዘገበች። ዩኒቨርሲቲው ሠራተኞቹን ከሥራ ሰዓት ውጪ ያስተምራል፤ ሠራተኛ እስከሆኑ ድረስ። ወሬው ሲሰማ፣ ከኮሪደሩ ማዶ ያለችው የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ጸሐፊ፣ የሃያ ዓመት ጓደኛዋ፣ በሩ ላይ ቆማ ሳቀች።

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» አለቻት። «የኔ እናት፣ እኛ እኮ የምንተይበው እንዳናስበው ብለን ነው።»

አራት ዓመት የተባለው ለእሷ ስምንት ፈጀ። በአንድ ተርም አንድ ኮርስ፣ ሲቀናት ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት። ለመመረቅ ሠላሳ ሦስት ያስፈልጋል። ሠላሳ ሁለቱን ጨርሳለች። የቀረው የዚያው ሰው ኮምፕሌክስ አናሊሲስ ነው። የሚሰጠው በዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን፣ እሷ ጡረታ የምትወጣው ይህ ተርም በተዘጋ በሳምንቱ ነው። ካለፈች ትመረቃለች። ከወደቀች ስምንት ዓመቱ ሠላሳ ሁለት ላይ ቆሞ ይቀራል።

ክፍሉ የሚጀምረው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሃያ ሦስት ተማሪ አለ። እሷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ትቀመጣለች። አጠገቧ የምትቀመጠው ረጅም ልጅ ናት፤ ቃል ስለምትቆጥብ ጓደኞቿ «ዝምታ» ይሏታል። ዝምታ በአንድ ወር ውስጥ የተናገረቻት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ «ደህና ዋሉ እትዬ»፣ «ላጲስ አለዎት?» እና «ደህና ያምሹ»።

ኮምፕሌክስ ቁጥሮች እንደ ተራ ቁጥር በአንድ መስመር ላይ አይሰለፉም። እንደ ከተማ ካርታ በሜዳ ላይ የተዘረጉ ናቸው። ስለዚህ በመካከላቸው መንገድ መርጦ መሄድ ይቻላል፤ ዞሮ መመለስም ይቻላል። መምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት ሰሌዳው ላይ ክብ ሠራ።

«ዞራችሁ ስትመለሱ በመንገድ ያገኛችሁትን ደምሩ» አለ። «ውስጡ ምንም እንከን ከሌለ ድምሩ ዜሮ ነው። አንድ የተበላሸ ነጥብ ካለ ግን በቅርብ ዙሩ፣ በሩቅ ዙሩ፣ ድምሩ አይለወጥም፤ በዚህ ሥዕል ለአንድ ዙር ሁለት ፓይ አይ ነው። የሚወስነው ነጥቡ ነው፤ የእናንተ መንገድ አይደለም። በተቃራኒው አቅጣጫ ከዞራችሁ ደግሞ ያው ድምር ኔጌቲቭ ይሆናል።»

ከክቡ አጠገብ ያንን ቆልማማ መስመር ጻፈ፤ ወገቡ ላይ ክብ ያለችበትን።

ጸሐፊዋ ይህን ሁሉ ቢያንስ አሥር ጊዜ ተይባዋለች። ሰምታው ግን አታውቅም ነበር። ምልክቱ ለካ «ዞረህ ወደ ተነሣህበት ተመለስ» ማለት ነው። ደብተሯ ላይ ምንም ሳትጽፍ ቆየች። ዝምታ ብዕሯ አልቆባት መስሏት የራሷን አቀበለቻት።

የአጋማሹ ፈተና ከአርባ ነበር። ጥያቄውን የተየበችው የፊዚክሷ ጸሐፊ ናት። ይህን ሕግ ያወጣችው ራሷ እትዬ ስቴንስል ናት፦ የምትማረው ኮርስ ፈተና በእጇ አያልፍም፤ በዚያ ሳምንት ከኮሪደሩ ማዶ አትሻገርም፣ ሻይ እንኳ ብትጠራ። አራተኛው ጥያቄ አሥር ነጥብ ይይዛል። ከመምህሩ ማስታወሻ ገጽ አርባ ሰባት ላይ የተወሰደ ሥዕል ነው፤ አንድ የተበላሸ ነጥብ፣ በዙሪያው አንድ መንገድ፣ መንገዱ ላይ አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት። ድምሩን ፈልጉ ይላል።

ሃያ ሁለት አመጣች። የሚያሳልፈው ከመቶ ሃምሳ ነው። ከማጠቃለያው ፈተና ስድሳ ነጥብ ሃያ ስምንት ካመጣች ጨረሰች ማለት ነው። ያን ቀን ኮሪደሩን በሁለት እርምጃ ነው ያለፈችው።

በነጋታው ዝምታ ቢሮ ገባች።

«እትዬ፣ ኮርስ መሰረዣ ፎርም ይስጡኝ።»

«ለማን?»

«ለእኔ።»

«ስንት አመጣሽ?»

«አሥራ ስድስት።»

«አሥራ ስድስት ሞት ነው እንዴ? እኔ በዚህ ዕድሜዬ በሃያ ሁለት ልጨፍር ምንም አልቀረኝ።»

«ቁጥሩ አይደለም።» ልጅቷ ወንበሩን ይዛ ቆመች። «አራተኛውን ሦስት ጊዜ ሠራሁት። ሦስቱንም ኔጌቲቭ ሁለት ፓይ አይ ነው የመጣልኝ። መልሱ ፖዘቲቭ ነው ተብሎ ዜሮ ሰጡኝ። ሌላ ጥያቄ ቢሆን ተሳሳትኩ ብዬ እተወው ነበር። ይሄ ግን ገብቶኝ ነበር፤ ገባኝ ብዬ ሌሊቱን በደስታ ያልተኛሁበት ነው። የገባኝ ካልገባኝ የቀረው ምኑ ይታመናል?»

ጸሐፊዋ ከዚህች ልጅ ይህን ያህል ቃል ሰምታ አታውቅም።

«እርስዎ ፖዘቲቭ ነው ያመጡት አይደል? እንዴት አድርገው ነው?»

ጸሐፊዋ የፈተና ወረቀቷን ኮፒ ከቦርሳዋ አውጥታ አየችው። ሁለት መስመር ሠርታለች፤ ሦስተኛው መስመር ላይ መልሱ ቁጭ ብሏል። በመሃል መሆን ያለበት ነገር የለም። ከዚያ ገጽ ግርጌ ያለውን መልስ ስንት ጊዜ እንደተየበችው አታውቅም፤ ጣቷ ነው የጻፈው።

«ፎርሙን ውሰጂ» አለቻት። «ማህተሙ ግን ዛሬ የለም። አርብ ነይ።»

አርብ የመሰረዣው የመጨረሻ ቀን ነው። ማህተሙ መሳቢያዋ ውስጥ፣ ከወይዘሮ ስቴንስል ማመልከቻ ጎን ተኝቶ ነበር።

ባሏ ሠላሳ አራት ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከወጣ ወዲህ ማዕድ ቤቱን ተረክቧል። ያን ቀን ከሥራ ስትገባ ሽንኩርት እየከተፈ ነበር። ጫማዋን ሳታወልቅ ማስታወሻውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሽንኩርቱን ተወውና እስቲ ና።»

«ምነው፣ የሞተ ሰው አለ?»

«ኔጌቲቭ አለ።»

«እሱ ይሻላል» አለና እጁን ጠርጎ ተቀመጠ።

ማስረዳት ስትፈልግ የምታስረዳው ለእሱ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ሰምቷታል። ብዙው አይገባውም፤ ያልገባውን ግን ገባኝ አይልም። ገጹን ወደ ብርሃኑ አዙሮ አየው።

«ይሄ አደባባይ ነው?»

«መንገድ ነው። መሃሉ ላይ ያለው ነጥብ ተበላሽቷል፤ ዙሪያውን ትዞራለህ።»

«እኔም ያልኩት እሱን ነው። ይሄ ቀስት መኪናው የሚሄድበት ነው?»

«አዎ።»

ሳቀ። «ይሄን ሰውዬ መንጃ ፈቃዱን ቀሙት።»

«ማንን?»

«የሠራውን ነዋ!» የጨው ዕቃውን አንስቶ ነጥቡ ላይ አስቀመጠው። ከምድጃው አጠገብ ክብሪት አመጣ። «ይሄ የእኔ አውቶቡስ ነው። አደባባዩ ሁልጊዜ በግራ እጄ ነው። በሕልሜም ቢሆን በግራዬ ነው። አየሽ?» ክብሪቱን በጨው ዕቃው ዙሪያ ነዳው። «ቀስቱ የሚለው ግን በዚህ ሂድ ነው። እንደ ሰዓት። በዚህ ከሄድኩ ከሚመጣው ሁሉ ጋር ግንባር ለግንባር ነው።»

ክብሪቱ ከቀስቱ ጋር ተፋጦ ቆመ።

የማስታወሻውን ገጽ አሥራ ሁለት ገለጠች። እሷው የተየበችው ዐረፍተ ነገር ነው፦ ሌላ ካልተባለ በቀር ስንዞር ውስጡ በግራችን ይሆናል። ገጽ አርባ ሰባት ላይ ተመለሰች። እርሳስ አወጣች። ከሁለተኛው መስመር በኋላ የዘለለችውን ቦታ፣ ቀስቱን ተከትላ፣ አንድ በአንድ ሠራችው። አራት መስመር ሆነ። ኔጌቲቭ ሁለት ፓይ አይ።

«ልጅቷ ልክ ናት» አለች።

«የቷ ልጅ?»

«ዜሮ የተሰጣት።»

ባሏ ክብሪቱን አሁንም በትክክለኛው አቅጣጫ እየነዳ ነበር። «አንድ ዙር ስንት ነው አልሽኝ?»

«ሁለት ፓይ አይ።»

«ሁለቴ ብዞርስ?»

«አራት ፓይ አይ።»

«ይሄን ያህል ዘመን ስዞር ስንት ሰብስቤ ነበር እንግዲህ። ማንም አልነገረኝም።» ቀና ብሎ አያት። «ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ቀስቱን የሣለው መምህሩ ነው፤ ሂጂና ንገሪው።»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለች። «መጀመሪያ የእጅ ጽሑፉን ልየው።»

በነጋታው ማንም ሳይገባ ደረሰች። የካቢኔቱ የታችኛው መሳቢያ በጉልበት ነው የሚከፈተው። የእጅ ጽሑፉ የተጻፈው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው፤ የመጨረሻው የስቴንስል ሥራዋ ነበር። በኋላ ጽሑፉን ኮምፒውተር ላይ ስትገለብጠው ሥዕሎቹን እንዳሉ ኮፒ እያደረገች ለጠፈቻቸው።

ገጽ አርባ ስድስት፣ ቀስት ያለው ሥዕል። ገጽ አርባ ሰባት፣ ክብና ነጥብ። ቀስት የለም።

ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባውም ባዶ ነው።

ያኔ ትዝ አላት። ከስህተት ነጻ የሆነች ጸሐፊ የተባለችው ዝም ብላ በመገልበጥ አይደለም። መምህራን ይረሳሉ፤ የተከፈተ ቅንፍ ሳይዘጉ ይሄዳሉ፣ የጥያቄ ቁጥር ይዘላሉ። እሷ ትሞላለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልታለች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ማንም ሳያመሰግናት፤ እንዲህ በመሥራቷም ትኮራ ነበር። ገጽ አርባ ስድስት ላይ ቀስት አየች፣ አርባ ሰባት ላይ አጣች። ረሳው አለች። የብረት ብዕሯን አንስታ ሞላችለት። በየት በኩል? ፊት ለፊቷ የግድግዳ ሰዓት ነበር። ሰዓቱ በሚዞርበት በኩል።

መምህሩ አልረሳም ነበር። ሌላ ካልተባለ በቀር በግራ ነው፤ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ተናግሮ ጨርሷል።

ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ሒሳቡን ሠራች። ስህተቱ ከታወቀ፣ ፈተናው ላይ የነበረው ሥዕል ትክክለኛ መልስ ኔጌቲቭ ነው። ኔጌቲቭ ያሉት አሥር ያገኛሉ። ፖዘቲቭ ያሉት አሥር ያጣሉ። የእሷ ሃያ ሁለት አሥራ ሁለት ይሆናል። ከስድሳው ሃያ ስምንት ሳይሆን ሠላሳ ስምንት ያስፈልጋታል። በዚህ ኮርስ ማጠቃለያ ላይ ሠላሳ ስምንት የሚያመጣው ከክፍሉ ሩቡ ነው። ውጤቱን በየዓመቱ የምትተይበው እሷ ስለሆነች ታውቃለች።

የፊዚክሷ ለሻይ ስትመጣ ፊቷን አይታ በሩን ዘጋች። ነገሯን ሰማቻት።

«ማን አየ?» አለቻት።

«ማንም።»

«ማን ጠየቀ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ስሚኝ እህቴ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተኛ ቀስት ሦስት ወር ቢጨምር ምን ይሆናል? ተመረቂ፣ ጡረታሽን ውጪ፣ ከዚያ ቀስቱን አርመሽ ብታወጪው ማን ይሰቅልሻል?»

«ልጅቷ አርብ ልትሰርዝ ነው።»

«የማን ልጅ ናት?»

«ብዕር ያቀበለችኝ ልጅ ናት።»

የፊዚክሷ ሻይዋን አማሰለች። ስኳር አልጨመረችበትም ነበር። «አንቺ ሴትዮ» አለች በመጨረሻ፣ «እኔ ብሆን ዝም እላለሁ። አንቺ ግን አትችይም። ስለዚህ ቶሎ ጨርሺው፤ አሁን ቢሮው ውስጥ ነው።»

መምህሩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እየፈለገው ነበር። ጠቆመችው። የእጅ ጽሑፉንና የታተመውን ገጽ ጎን ለጎን አስቀመጠችለት።

«ምንድን ነው?»

«ገጽ አርባ ሰባት ነው። በእርስዎ ላይ ቀስት የለም። በእኔ ላይ አለ።»

ሁለቱን አየ። «ማን ጨመረው?»

«እኔ ነኝ። የረሱት መስሎኝ ነው። አቅጣጫውም ተሳስቷል። ፈተናው ላይም የገባው ይሄው ነው። ኔጌቲቭ ያሉት ልጆች ልክ ናቸው። ፖዘቲቭ ያልነው ተሳስተናል።»

«ያልነው?»

«እኔም አለሁበት።»

መምህሩ ሁለቱን ገጾች አጠጋጋቸው። ቀጥሎ የተናገረው ግን ስለ እሷ አልነበረም።

«በየዓመቱ ኔጌቲቭ የሚያመጡ ልጆች ነበሩ» አለ። «በየዓመቱ። አንዱ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ተከራክሮኛል። ሥዕሉን እዚህ አስቀምጦ፣ በጣቱ እየዞረ። እኔ መልሱን እንጂ ሥዕሉን አላየሁም። የራሴን ማስታወሻ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አላነበብኩትም ማለት ነው።» መነጽሩን አወለቀ። «አንቺ ግን ቀስቱ እንደዚያ ሆኖ ፖዘቲቭ እንዴት አመጣሽ?»

«ጣቴ ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ ተይቤዋለሁ።»

«አልሠራሽውም?»

«ሁለት መስመር ብቻ።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ትናንት ሠራሁት። ኔጌቲቭ ነው።»

ሃያ ሦስቱን ወረቀት ከመደርደሪያው አወረደ። ኔጌቲቭ ላሉት ሰባት ልጆች አሥር ጨመረ፤ ፖዘቲቭ ካሉት አሥር ቀነሰ። ከዚያ የእሷን አወጣና ብዕሩን አየር ላይ ይዞ ቆየ።

«ተርሙ ሲያልቅ ነው የምትወጪው አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ይሄን ምን ላድርገው?»

«የሌላውን እንዳረሙት ያርሙት።»

አረመው። አሥራ ሁለት። ወረቀቱን ሲመልስላት በሁለት እጁ ነው የሰጣት፤ ይህን ከዚያ በፊት ለማንም ሲያደርግ አላየችም።

ከቢሮው ሳትወጣ የማስታወቂያ ረቂቅ ጻፈላት። «በገጽ 47 ያለው ቀስት የተሳሳተ ነው። የአራተኛው ጥያቄ ውጤት ለሁሉም ታርሟል። ስህተቱ የመምህሩ ነው።»

አነበበችው። «የመጨረሻውን አልተይብም። ስህተቱ የእኔ ነው።»

«አንቺ ቀስት ነው የሳልሽው። ያስተማርኩበት እኔ ነኝ።»

«ቢሆንም…»

«አንቺ ብቻ ሳትስቺ ጻፊው» አላት።

ቀና ብላ አየችው። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት የተናገረውን ያስታውስ እንደሆነ ፊቱ አይናገርም። ሳትስት ጻፈችው።

አርብ ጠዋት ዝምታ የተሞላ ፎርም ይዛ መጣች። ጸሐፊዋ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው ጠቆመቻት። ልጅቷ ሄዳ አነበበች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄዳ አነበበች።

«ማህተሙ ተገኘ?» አለች ስትመለስ።

«ተገኝቷል። ትፈልጊዋለሽ?»

«አልፈልግም።» ፎርሙን አራት ቦታ አጠፈችው። ከዚያ አሰብ አደረገች። «እትዬ፣ የእርስዎ ስንት ሆነ?»

«አሥራ ሁለት።»

ዝምታ ፎርሙን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ሁለተኛውን ወንበር ወደ ጠረጴዛው ጎትታ ቁጭ አለች።

«ከክፍል በፊት አንድ ሰዓት ነጻ ነኝ» አለች። «በየቀኑ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ቃል ይግቡልኝ፤ መልሱን ሳይሠሩ አይጻፉ።»

«እንዴት ያለች ቁጡ ልጅ ናት» አለች ጸሐፊዋ ማታ ለባሏ። «እናቴ እንኳ እንደዚያ አልተቆጣችኝም።»

«ስሟ ማን ነው አልሽኝ?»

«ዝምታ።»

«ስሙን ያወጣው ሰውም መንጃ ፈቃዱ ይቀማ።»

ስድስት ሳምንት ሠሩ። ዝምታ ማስታወሻውን ትደብቅባታለች፤ ጸሐፊዋ ከባዶ ወረቀት ትጀምራለች። ለሠላሳ አንድ ዓመት የተከማቸው የጣት ትውስታ እንደ ክፉ ልማድ ነበር፤ እጇ ወደ መልሱ ይሮጣል፣ ልጅቷ በእርሳስ ጀርባ ትመታዋለች። በአምስተኛው ሳምንት መምታቷን ተወች።

የማጠቃለያው ፈተና ላይ አምስተኛው ጥያቄ ሥዕል ነበረው። አንድ ነጥብ፣ አንድ ክብ፣ አንድ ቀስት። ቀስቱ የሚዞረው እንደ ሰዓት ነው። የአሁኑ ሆን ተብሎ ነው፤ ከሥሩ መምህሩ አንድ መስመር አስጽፏል፦ «ቀስቱን እዩ።»

ጣቷ ፖዘቲቭ ሊጽፍ ሄደ። አቆመችው። በሐሳቧ የጨው ዕቃውን ነጥቡ ላይ አኖረችና ክብሪቱን ነዳችው። አደባባዩ በቀኝ ነው። አምስት መስመር ሠርታ ስትጨርስ ከፊቱ የኔጌቲቭ ምልክት አደረገች፤ ወረቀቱ እስኪበሳ ተጫነችው።

ውጤቱ የደረሰው ጡረታዋ አራት ቀን ሲቀረው ነው። የፊዚክሷ በታሸገ ፖስታ ይዛው መጣች። በትምህርት ክፍሉ ሰሌዳ ላይ የምትለጥፈው ጸሐፊዋ ናት፤ ሌላ የሚለጥፍ ሰው የለም።

«እኔ አላየሁትም» አለች የፊዚክሷ። «የተየብኩት እኔ ነኝ፤ ግን አላየሁም።»

«ፊትሽ አይቷል።»

«ፊቴን ተዪውና ፖስታውን ክፈቺ።»

ከፈተችው። ዝርዝሩ በመታወቂያ ቁጥር ነው። የዝምታን ቁጥር ቀድማ ፈለገች፤ ከክፍሉ ሁለተኛ ነበረች። ከዚያ የራሷን። አሥራ ሁለት። ሠላሳ ዘጠኝ። ሃምሳ አንድ።

ዝርዝሩን ሰሌዳው ላይ አራት ቦታ በመርፌ አያያዘችው። አንደኛው ጥግ ትንሽ ስላዘነበለ ነቅላ አስተካከለችው። የፊዚክሷ ከኋላዋ ቆማ መሐረቧን ትፈልግ ነበር።

በመጨረሻው የሥራ ቀኗ ገጽ አርባ ሰባትን እንደገና ሠራችው። ቀስቱን አጠፋችው፤ እንደ እጅ ጽሑፉ ባዶ ተወችው። ወንበር ላይ ወጥታ የግድግዳውን ሰዓት አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ መለሰች። ከመሳቢያው የወሰደችው የወይዘሮ ስቴንስልን ማመልከቻ ብቻ ነው።

ባሏ በሩ ላይ ይጠብቃት ነበር። አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሾፌሩ ድሮ እሱ ያሠለጠነው ሰው ነው፤ ሲያየው ቀበቶውን አስተካከለ።

«ጋሼ! እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ። አደባባዩ ጋ ስትደርስ ሁለቴ ዙርልኝ።»

«ጋሼ፣ ሰው ጭኜ?»

«ሰው መጫንህን አይቻለሁ። ሁለቴ ዙርልኝ ነው ያልኩህ።»

ሾፌሩ በመስታወቱ አየው። አደባባዩ ላይ ሲደርሱ አንዴ ዞረ። መውጫውን አለፈው።

«ሾፌር፣ መንገድ ጠፋህ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ይሄ አውቶቡስ ነው የልጆች መጫወቻ?» አለች ዘንቢል የያዘች ሴት። «እኛ ጉዳይ አለን እኮ!»

ጸሐፊዋ ፊቷን በቦርሳዋ ከለለች። «አንተ ሰውዬ፣ አታፍርም? ሰው ወደ ጉዳዩ ይሂድ!»

«ስንት መጣ?» አላት ባሏ።

«ምኑ?»

«ሁለቴ ዞርን። ስንት መጣ?»

ቦርሳዋን አወረደች። «መሃሉ ላይ ምን እንዳለ ሳላውቅ አልመልስም።»

ባሏ በመስኮቱ አሻግሮ አየ። የደረቀ ሣር ነበር፤ መሃሉ ላይ ውሃ የማያፈስ አሮጌ ፏፏቴ።

«የጨው ዕቃ» አላት።

«በየት በኩላችን ነበር?»

«በግራችን። እኔ አለሁ አይደል እንዴ!»

«እንግዲያው አራት ፓይ አይ» አለች። «ፖዘቲቭ።»

አውቶቡሱ መውጫውን ያዘ።